የፈረንጅ አጋሜ ያብባል እንጂ አያፈራም

የለገጣፎዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ የፈረንጅ አጋም ገዝቼ በሩ አጠገብ ተከልኩ። ቅጠሉ ክረምት ከበጋ አይረግፍም፣ ኮከብ የመሰለው ነጭ አበባው ማታ ማታ ግቢውን ያውደዋል። እኔ ግን የገዛሁት ለቀዩ ፍሬ ብዬ ነበር። እስካሁን ያየሁት ሁለት ፍሬ ብቻ ነው! ነሐሴ ላይ ደግሞ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። አፈሬ ኮትቻ ነው። ፍግም ውሃም አላጓደልኩበትም። ምን ላድርግ?

ሰንዳፋ፦
እህቴ፣ ውሃ በዝቶበት ነው። አገሩ ደቡብ አፍሪካና ሞዛምቢክ፣ የሕንድ ውቅያኖስ ዳር ነው፤ አሸዋ ላይ የሚበቅል፣ ጨዋማ ነፋስ የማይበግረው ተክል። ድርቅ ይችላል፣ ረግረግ ግን አይችልም። ኮትቻ ክረምት ላይ ውሃ ሲያቁር ሥሩ አየር ያጣል። የእኔን የመጀመሪያውን ስነቅለው ሥሩ ጠቁሮ፣ በጣቴ ስይዘው ልጡ ሙልጭ ብሎ ወጣ። ሁለተኛውን አሸዋና ቀይ አፈር ደባልቄ፣ መደቡን እስከ ጉልበቴ ከፍ አድርጌ ተከልኩት፤ አሁን ቁመቴን አልፏል። ፍጉንም ቀንሺ፣ ሲበዛ ቅጠል ብቻ ነው የሚሆነው።

ሱሉልታ፦
የፍሬው ነገር ሌላ ነው። ብዙዎቹ በራሳቸው የአበባ ብናኝ አያፈሩም፣ ከሌላ ፍሬ ዘር የበቀለ ሌላ የፈረንጅ አጋም በአጠገባቸው ይፈልጋሉ። ከዚያው ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጠሽ ብትተክዪ ያው አንድ ነው። በአገሩ ብናኙን የሚያመላልሱት ማታ የሚበሩ ነፍሳት ናቸው። እኔ ከጎረቤት አበባ ለምኜ፣ የቀጭን ብሩሽ ጫፍ አበባው ጉሮሮ ውስጥ አስገብቼ፣ ከዚያ የእኔን አበባ እንደዚያው ነካሁት። የነካኋቸው እንዳይጠፉኝ ቀይ ክር አሰርኩባቸው፤ ፍሬ የያዙት እነሱ ናቸው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ለጋውን ጫፍ ስለሚያቃጥለው ማታ ማታ ጆንያ አልብሺው።

አያት አካባቢ፦
ልጆች ካሉ ከበሩ ይራቅ። እሾሁ ጫፉ ላይ ለሁለት የተከፈለ ነው፣ ልብስም ሥጋም ይይዛል። አጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል የተባለው ስለ እኛው አጋም ቢሆንም ይሄም ዘመዱ ነው። ፍሬው ደማቅ ቀይ ሆኖ እስኪለሰልስ አይበላም። ቅጠሉንና ግንዱን ግን ማንም አፉ ውስጥ እንዳያስገባ።

የለገጣፎዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ክረምቱ ሳይገባ ከፍ ያለ መደብ አዘጋጅቼ ከበሩ አነሳዋለሁ። ለገጣፎ አካባቢ የሚያብብ የፈረንጅ አጋም ያለው ሰው ካለ፣ አምስት ስድስት አበባ ብቻ ይስጠኝ፤ ብሩሹን ይዤ እመጣለሁ።