መልስ፦ ልጆቻችን አማርኛ እንዳይረሱ ምን እናሰማቸው?

ከዓለም ገና

ሰላም ለሁላችሁ። ክረምቱን ከሽቱትጋርት መጥቼ ዓለም ገና እናቴ ቤት ነኝ። ጭቃው ከበር አላስወጣ ስላለኝ ውይይታችሁን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት።

ለአማርኛ መስጋታችሁ ይገባኛል፤ ግን አማርኛ ወላጅ አልባ አይደለም። ዶይቸ ቬለ ከ1957 ዓ.ም.፣ የአሜሪካ ድምፅ ከ1975 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛ አሰራጭተዋል። እኔም ጀርመንኛው ሲያደክመኝ ማታ ማታ ጆሮዬን ያሳረፍኩት እነሱ ላይ ነው። ቢቢሲም በ2010 ዓ.ም. አማርኛን፣ አፋን ኦሮሞንና ትግርኛን አንድ ላይ ጀመረ። እዚህ የጎረቤቶቻችን ልጆች ዜናውንም ዘፈኑንም በአፋን ኦሮሞ ከፍተው ያመሻሉ።

እኔን የቆጨኝ ሌላ ነው። እናቴ በሶዶ ጉራጌ የምትገኘው የቡኢ ልጅ ናት፤ አፏን የፈታችው በአገሬው ቋንቋ፣ በክስታኒኛ ነው። እኛ አምስት ልጆቿ ግን ከቁጣና ከምርቃት በቀር አንሰማውም። ማንም አልከለከለንም። በልጅነታችን ሬዲዮው ከንጋት እስከ ማታ አማርኛ ይናገር ነበር፣ ትምህርት ቤቱም አማርኛ ነበር። ቴሌቪዥን ገብቶ የልጆች ተረት ሲመጣ ደግሞ እናቴ የራሷን ተረት ተወችው። «ከዚህ በላይ እኔ ምን አውቃለሁ?» ትል ነበር።

ባለፈው ሳምንት «እማዬ፣ በክስታኒኛ አንድ ተረት ንገሪኝና ልቅዳ» አልኳት። ነጠላዋን አስተካከለች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ከዚያም «ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮች» አለች፤ በአማርኛ፣ ያውም በዜና አንባቢ ድምፅ! ሦስት ጊዜ ሞከርን፤ ሦስቴም እንደዚያው። የሚቀዳ ነገር ሁሉ አማርኛ ይመስላታል። ተስፋ ቆርጬ ስልኬን ረከቦቱ ላይ እንዳስቀመጥኩት አክስቴ ከቡኢ በእናቴ ስልክ ደወለች። ስለ አንዲት ላም ዐሥራ አንድ ደቂቃ በክስታኒኛ ተጨቃጨቁ። መቅጃውን አላጠፋሁትም ነበር።

ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለ የእናት ድምፅ ያስቀረ አለ?

ከዴንቨር

ልጄ፣ አስቀናኸኝ። የእኔ እናት ካረፈች ቆየች፤ ያለኝ ፎቶግራፍ ብቻ ነው።

በወጣትነቴ ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮን እሰማ ነበር። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በ1969 ዓ.ም. ደርግ እስኪወርሰው ድረስ፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በስዋሂሊና በማላጋሲ ይናገር ነበር። ባሕር ተሻግሮ ማዳጋስካር የገባው ጣቢያ፣ ጠዋት ሄደው ማታ ለሚመለሱበት ቡኢ በቋንቋዋ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። በኋላ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 5 ቋንቋዎች ሁሉ እኩል የመንግሥት እውቅና አላቸው አለ። ደግ ነው፤ እውቅናውን ግን ከራት በኋላ ከፍተህ አታዳምጠውም።

ተረቱ ስላመለጠህ አትዘን። ሰው ሲጨቃጨቅ ነው ቋንቋው ሙሉ የሚሆነው። ሳታሳጥር ላክልን፤ ግን መጀመሪያ ሁለቱንም አስፈቅድ።

ከዓለም ገና

ጋሼ፣ አስፈቀድኩ። እናቴ ምንም አላለችም፤ አክስቴ ግን «ላሟን በተመለከተ ልክ የነበርኩት እኔ መሆኔ ይነገርልኝ» ብላለች። ይኸው ተናገርኩ። መጨረሻው ላይ ዶሮ ይጮኽበታል፤ ኔትወርኩ ሲመለስ እልከዋለሁ።