ዴሞክራሲና ሲቪክ ማኅበረሰብ ላይ ውጭ ሄዶ መሥራት በኢትዮጵያ ፓስፖርት ይሆናል ወይ?

ኮዬ_ብሎክ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ትንሽ ረዘም ይላል ታገሱኝ፣ መብራት ሳይሄድብኝ ብዬ በአንዴ ነው ምጽፈው። 29 ዓመቴ ነው፣ ፖለቲካል ሳይንስ ተምሬ አንድ ሎካል ማኅበር ውስጥ አራት ዓመት ፊልድ ላይ ሠርቻለሁ፣ የመራጮች ትምህርት፣ ሲቪክ ኤጁኬሽን፣ የቡና ጠጡ ውይይት ምናምን፣ አቃቂ ቃሊቲ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ገላን አካባቢ። ብሩ ዞሮ ዞሮ ከአሜሪካ ነበር የሚመጣው፣ ጥር 2017 ላይ ለ90 ቀን ታገደ ተባለ፣ 90 ቀኑ አለቀ፣ እኛም ላፕቶፑን አስረክበን ወጣን። አሁን የጎረቤት ልጆች እያስጠናሁ ነው። እናቴ "ዴሞክራሲ ደሞ ሥራ ነው እንዴ?" ትለኛለች፣ መልስ አጣሁላት።
ጥያቄዬ፣ በዚሁ ሙያ ውጭ ሀገር መሥራት የቻለ ሰው እዚህ አለ? ሁሌ ፈረንጆቹ ወደኛ ሲመጡ ነው ማየው፣ ከኛ የሚሄድ አለ ወይ? ማስተርስ የግድ ነው? አጎቴ አውሮፓ ሄጄ እንድማር ግማሹን ላበድርሽ ብሎኛል፣ ልበደር ወይስ ይቅርብኝ?

ሙሬ_ያለቅጥ፦
ኧረ እህቴ፣ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ። እዚሁ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ የታክሲ ሰልፍ ማክበር ሳንችል ዴሞክራሲ ኤክስፖርት ልታደርጊ ቂቂቂ

ጁባ_ደርሶ_መልስ፦
ሙሬ አንተ ሳቅህ እንጂ እኔን ጁባ ላይ ይቺው ጥያቄ ናት ላብ ያጠመቀችኝ። ሦስት ዓመት ነው እዛ የሠራሁት፣ በተመድ በጎ ፈቃደኛነት ነው የገባሁት። የመጀመሪያ ሥልጠናዬ አንድ ፓያም ጽ/ቤት ውስጥ ነበር (ፓያም እንደኛ ወረዳ ነገር ናት)፣ ቆርቆሮ ቤት፣ ሙቀቱ ማርከር ያደርቃል፣ ለሁለት ቀን የሚሆን ስላይድ ይዤ ሄጃለሁ ፕሮጀክተር ግን የለም። እና አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡና በአስተርጓሚ "እናንተ ሀገር ገዢ ፓርቲ በምርጫ ተሸንፎ ወርዶ ያውቃል?" አሉኝ። አብሮኝ የነበረው ጋናዊ ቢጠየቅ ኖሮ አዎ፣ በፈረንጅ በ2000፣ በ2008፣ በ2016 ብሎ በጣቱ ይቆጥርላቸው ነበር። እኔ ምን ልበል? አያውቅም አልኳቸው። ቤቱ ዝም አለ፣ ከዛ ሽማግሌው ከት ብለው ስቀው ወንበራቸውን ወደኔ አስጠጉ። "እሺ አንተም እንደኛ ነህ፣ እንነጋገር" አሉ። ከዛ በኋላ ስላይዱን አላወጣሁትም። ደቡብ ሱዳኖች እኮ በፈረንጅ 2011 ነፃ ከወጡ ጀምሮ አንድም አገራዊ ምርጫ አላዩም፣ ታኅሣሥ 2024 ይደረጋል የተባለውም ወደ ታኅሣሥ 2026 ተገፋ፣ ካርድ እንዴት እንደሚታጠፍ ብታስተምሪያቸው "መቼ ልናጥፈው?" ነው የሚሉሽ። ስለዚህ እኛ ጋ የዋለው ጥያቄ የሰፈሩ የውሃ ኮሚቴ እንዴት ይመረጥ፣ ሒሳቡን ማን ይይ የሚል ሆነ። አንቺ ደሞ አራት ዓመት የሠራሽው ይሄንኑ ነው።

ወደ ተግባሩ ስመጣ። የአውሮፓ ኅብረት ምርጫ ታዛቢ የሚባለውን እርሺው፣ በመሠረቱ ለራሳቸው ዜጎች ነው። የአፍሪካ ኅብረት ግን ታዛቢ ሲልክ ከአባል ሀገራት ሲቪክ ማኅበራትም ይወስዳል፣ ቆይታው አጭር ነው፣ ከአበል ውጭ ደሞዝ ብለሽ አትጠብቂ፣ ግን ሲቪ ላይ ከባድ ነው። የወጣት በጎ ፈቃደኛ ፕሮግራምም አለው፣ ከ18 እስከ 35 ዓመት፣ ለአንድ ዓመት ሌላ አባል ሀገር ይመድቡሻል። ዋና መሥሪያ ቤቱ አፍንጫችን ሥር ሆኖ ሜክሲኮ ላይ ታክሲ ስንጠብቅ በአጠገቡ እያለፍን አንድም ቀን ገብተን አንጠይቅም። የተመዱ ደሞ ዓለም አቀፍ ስፔሻሊስት ለሚለው 27 ዓመት የሞላውና ሦስት ዓመት ልምድ ያለው ይፈልጋል፣ አንቺ ሁለቱንም ታሟያለሽ፣ ማስተርስ ሁሉም ቦታ ላይ አይጠየቅም። ሌላ ደሞ ብሪጅ የሚባል የምርጫ አሠልጣኞች ኮርስ አለ፣ ኢንተርናሽናል አይዲያ፣ ተመድና የአውስትራሊያ ምርጫ ኮሚሽን ያሉበት ነው፣ ኮርሱን ወስደሽ ከዛ የተወሰነ ሰዓት አሠልጥነሽ ነው ሙሉ እውቅና የሚሰጥሽ። ዕድሉ እዚህ ሀገር ከተገኘ ወርቅ ነው፣ የትም ሀገር ያለ የምርጫ ሰው ያውቀዋል።
ብሩን በተመለከተ ግን አትታለዪ፣ የበጎ ፈቃደኛ ክፍያ መኖሪያ አበል ነው፣ ቪላ አያሠራም። ሕይወቱም ከግቢ ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ግቢ ነው፣ ማታ ሰዓት እላፊ አለ። እኔ ሽሮ ናፍቆኝ ያለቀስኩበት ቀን አለ፣ እውነቴን ነው።
ሲቪሽ ላይ ግን ምንድነው የጻፍሽው?

የድሮ_አስተባባሪ፦
ልጄ፣ ከመበደርሽ በፊት የኔን ስሚ። እኔ በዚህ ሙያ ውስጥ ከ97 ምርጫ በፊት ጀምሮ ነበርኩ። በመጋቢት 97፣ ምርጫው አንድ ወር ተኩል ገደማ ሲቀረው ኤንዲአይ፣ አይአርአይና አይፈስ የሚባሉት በዴሞክራሲና በምርጫ ላይ የሚሠሩ የአሜሪካ ድርጅቶች ከሀገር ውጡ ተባሉ። ከዛ በ2001 ያ አዋጅ 621 መጣ፣ ከበጀትሽ ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ ካገኘሽ በመብትና በዴሞክራሲ ላይ መሥራት አትችዪም አለ። ያኔ እዚህ ሀገር ለዚህ ሥራ ከኪሱ የሚያዋጣ ሰው ከየት ይመጣል? የኛ ማኅበር ጉባኤ ጠራና ስሙን ቀየረ፣ "ዴሞክራሲ" የሚለው ወጥቶ "የአካባቢ ልማት" ገባ። ለአዲስ ታፔላ ብር ስላልነበረን ቀለም ቀቢ ጠርተን በላዩ ላይ አስቀባነው። ክረምት ሲመጣ ቀለሙ ለቀቀና "ዴሞ" የምትለዋ ከሥር ብቅ አለች፣ የሰፈር ልጆች "ዴሞዎቹ" ይሉን ጀመር። ሥራችን በግና ዶሮ ማከፋፈል ሆነ፣ ዶሮውም አይጠላም ግን እኔ ዶሮ አልተማርኩም።
በ2011 በአዋጅ 1113 ያ ሁሉ ተነሣ፣ የውጭ ገንዘብ ተፈቀደ፣ በ2013 ምርጫ ጊዜ ስንት ማኅበር ወጥቶ አስተማረ ታዘበ። ይሄው አሁን ደሞ ከወዲያ ማዶ ተዘጋ። መጋቢት 2017 ነው የአሜሪካው የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ከፕሮግራሞቹ 83 በመቶው ተሰረዘ የተባለው፣ በሰኔ መጨረሻ ደሞ እርዳታ መስጠቱን ጨርሶ አቆመ። ከ1983 በፈረንጅ ጀምሮ በኮንግረስ በጀት የሚኖረው ኤንኢዲ የሚባለው የአሜሪካ የዴሞክራሲ ፈንድ እንኳ ገንዘቡ ተይዞበት ነበር፣ ኤንዲአይም አይአርአይም አብዛኛውን ሠራተኛ አሰናበቱ። ጀርመንም የልማት በጀቷን ቀንሳለች። ይሄን የምልሽ ላስፈራሽ አይደለም፣ ዋሽንግተን ሃያ ዓመት የሠራ ባለ ሁለት ማስተርስ ሰው አሁን አንቺ የምታመለክቺበት ቦታ ላይ ያመለክታል፣ አንቺ ተበድረሽ ዲግሪ ይዘሽ ብትሄጂ የምትሰለፊው ከሱ ኋላ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ። ስኮላርሺፕ ካገኘሽ ሂጂ፣ በአጎትሽ ብር ግን አይሆንም።

ጁባ_ደርሶ_መልስ፦
ጋሼ እዚህ ላይ ከርስዎ ጋር ነኝ። አንድ ነገር ብቻ፣ ያ የዋሽንግተን ሰው ፓያም ውስጥ ያለ ፕሮጀክተር ሁለት ቀን አይቆምም። እዛ ወረፋ ላይ እሷ ትቀድመዋለች።

ሳሪስ_አቦ፦
ቴሌግራም ላይ "ካናዳ የሲቪክ ፕሮጀክት ሠራተኛ ይፈለጋል" ሲሉሽ እንዳትገቢ። እኔ የቃለ መጠይቅ ደብዳቤ ሁሉ ልከውልኝ ለፕሮሰስ ብለው 15 ሺህ ብር ተቀብለው ጠፍተዋል። ተመድም ሆነ ደህና ድርጅት ለማመልከቻ አምስት ሳንቲም አይጠይቅም። እኔ ይሄን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ኮዬ_ብሎክ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ በተለይ፣ ታፔላው አስቆኝ አሳዘነኝም። የአጎቴን ብድር ትቼዋለሁ፣ ዛሬ ማታ እነግረዋለሁ። መብራት ሄዶ አሁን ነው የመጣው።
ሲቪዬ ላይ "ለ1,200 የማኅበረሰብ ክፍሎች ግንዛቤ ማስጨበጫ ሰጥቻለሁ" ነው የሚለው፣ ሪፖርቱ ላይ እንደዛ ስለነበር።

ጁባ_ደርሶ_መልስ፦
አቦ ይሄ ምንም አይልም እኮ! ይሄን ዓረፍተ ነገር ሀገር ምድሩ ይጽፈዋል። ቃለ መጠይቅ ላይ "ሰዎቹ አልገባቸውም ነበር፣ ከዛ እንዲህ አደረግሁ" የምትዪበት አንድ ቀን ነው የሚፈልጉት። አንድ ቀን ንገሪኝ።

ኮዬ_ብሎክ፦
እንደዛ ከሆነ እንኳ አለ፣ ግን ለሲቪ የሚሆን አይመስለኝም። ከገላን ወረድ ብሎ አንድ የሴቶች እድር ነበር፣ ፖስተሩን ብንለጥፍ ብናስረዳ እናቶቹ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ እንጂ አልገባቸውም፣ ደሞ ፓርቲ የሚል ቃል ሲሰሙ ይደነግጣሉ። ከዛ እኔ ፍሊፕ ቻርት ቀድጄ ድምፅ መስጫ ወረቀት ሠራሁ፣ ዕጩዎቹ ሽሮና ምስር፣ ድምፅ የሚሰጠው ለልደታ ዝክር ምን ይሠራ ተብሎ ነው። የቅስቀሳ ሰዓት ሰጠን፣ ካርቶን በስለት ቀደን ኮሮጆ አደረግን፣ በመጋረጃ ጥግ ከለልን፣ ማንበብ የማይችሉት በጣት አሻራ፣ ታዛቢም ከሁለቱም ወገን ተቀመጠ። የምስር ታዛቢ የነበሩት እናት ቆጠራው ላይ አንዷን ወረቀት ይዘው "ይቺ አሻራ መስመር ነክታለች" ብለው ግማሽ ሰዓት ተከራከሩ። በቀጣዩ ወር የእድሩን ገንዘብ ያዥ በዛው ካርቶን በምስጢር መረጡ፣ ያለኛ፣ እኛ አልነበርንም።

ጁባ_ደርሶ_መልስ፦
እና አራት ዓመት ሙሉ ይሄን ይዘሽ ነው "ግንዛቤ ማስጨበጫ" ብለሽ የምትጽፊው?! ልክ አሁን እንደጻፍሽው ጻፊው፣ የካርቶኗን ነገር በተለይ፣ ማመልከቻሽን በውስጥ መስመር ላኪልኝ አየዋለሁ።

ሙሬ_ያለቅጥ፦
ቆይ ቆይ፣ ማን አሸነፈ?

ኮዬ_ብሎክ፦
ሽሮ። 41 ለ 17። ሦስት የተበላሸ ድምፅ፣ አንዷ እናት "ሁለቱም ቢሠራ ምናለበት" ብለው ሁለቱም ላይ አሻራ አድርገው ነው።

ሙሬ_ያለቅጥ፦
የምስር ታዛቢ ውጤቱን ተቀበሉ?

ኮዬ_ብሎክ፦
ፈርመዋል። ዝክሩ ቀን ግን ከቤታቸው ምስር ሠርተው መጡ።