ኮርቻዬ እየሰመጠ ነው፣ ድሮፐር ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

አቧራው፦ ጓዶች ነገ ጠዋት እንጦጦ ልንወጣ ነው፣ የማውንቴን ሳይክሌ ኮርቻ ግን እየሰመጠ አስቸገረኝ። ባጠብቀው ባጠብቀው ትንሽ እንደነዳሁ ጉልበቴ አገጬ ጋ ይደርሳል። አንድ ልጅ ያገለገለ ድሮፐር አለኝ ብሎኛል፣ ያ መሪው ላይ ያለውን ማንሻ ስትጫን ኮርቻው ወርዶ የሚወጣው። ልግዛው? ልጁ እየጠበቀኝ ነው፣ ቶሎ በሉ።

ፔዳል ሰባሪ፦ ኮርቻውን የተሸከመው ቱቦህ ውፍረቱ ስንት ነው? ሳይለካ አይገዛም።

ጋሽ ማርሽ፦ ልጄ፣ ድሮፐር የተሠራው ቁልቁለት ላይ ኮርቻው እንዳያደናቅፍህ ነው። እሱ ሲወርድልህ ዝቅ ብለህ ወደ ኋላ ትላለህ፣ በመሪው ላይ ተሽቀንጥረህ የመውደቅ ነገር ይቀንሳል። ዳገት ላይ ደግሞ ከፍ ካላለ ጉልበትህ አለቀ። እኛ በጊዜያችን ወርደን በእጃችን ነበር የምናስተካክለው፣ ማን ማንሻ አይቶ...

ሚጡ፦ ጋሼ ክፍለ ጊዜው አልቋል 😂

ዳገት አይበግረኝ፦ ቆይ ለምን አስፈለገህ? በአስፋልቱ ከሆነ አንድ ረጅም ዳገት ነው፣ ከዚያ አንድ ረጅም ቁልቁለት። ላይ ስትደርስ ቆመህ ኮርቻውን ዝቅ አድርገው፣ በቃ። ድሮፐር ዳገትና ቁልቁለቱ በየደቂቃው ለሚቀያየርበት መንገድ ነው። ክብደትም ይጨምርብሃል።

አቧራው፦ ጫካ ውስጥ ነው እኮ የምንነዳው!!

ፔዳል ሰባሪ፦ ውፍረቱስ? ብዙ ጊዜ 27.2፣ 30.9 ወይም 31.6 ሚሊሜትር ነው። ቱቦውን ነቅለህ ታች እይ፣ ተጽፎበታል። ወፍራም ከገዛህ በመዶሻም አይገባልህ።

ሚጡ፦ ቅባቱን ጥረገውና አጥብቀው።

ቶርኖ ቤት፦ ድሮፐሩንም የሚይዘው ያው ቱቦውን ፍሬሙ ላይ የሚያጠብቀው ቀለበት ነው፣ እሱ ካልያዘ አዲሱም ይሰምጣል። ቱቦውን አውጣ፣ እሱንም የፍሬሙን ውስጥም በደረቅ ጨርቅ ጥረግ። ከዚያ ስታጠብቀው ብሎኑ የሚያልፍባቸውን የቀለበቱን ሁለት ጆሮዎች እይ። ከተነካኩ ብሎኑን ብታጠብቀው ዋጋ የለውም፣ ወይ ቀለበቱ ሰፍቷል ወይ ቱቦህ ቀጥኗል። ለነገ ከቢራ ቆርቆሮ ስስ ቁራጭ ቆርጠህ ቱቦው ላይ ጠቅልልና አስገባው። ድሮፐር ከገባ ደግሞ ቀለበቱን አታብዛበት፣ ከታነቀ አይወርድም አይወጣም።

ሚጡ፦ ቢራውን ማን ይጠጣዋል?

ጋሽ ማርሽ፦ እኔም ቅባቱን ጥረግ ልል ነበር።

ፔዳል ሰባሪ፦ አቧራው? ቁጥሩን አየኸው?

ዳገት አይበግረኝ፦ ልጁ ስንት ብር አለህ? ካልወሰድከው እኔ ልየው።