የመጀመሪያው ሴሚስተር አንገዳገደኝ፤ ልቀጥል፣ ልረፍ ወይስ ልመለስ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ጽሑፌ ስለረዘመ ይቅርታ፤ የምነግረው ሰው አጥቼ ነው።

አውሮፓ ውስጥ በስኮላርሺፕ ማስተርስ እየተማርኩ ነው፤ ከመጣሁ አምስት ወር አለፈኝ። መጀመሪያ ላይ ደስታዬን የሚችለው አልነበረም። ሌሊቱን ሙሉ የማይዘጋ ቤተ መጻሕፍት፣ በስማቸው የሚጠሩ ፕሮፌሰሮች፣ የራሴ የሆነች ትንሽ ክፍል። በየቀኑ ለእናቴ ፎቶ እልክ ነበር። ቀኑ እያጠረ፣ አሳይመንቱም እየተደራረበ ሲመጣ ያ ሁሉ ደስታ የት እንደገባ አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ውጤት ወጣ። ከአራት ኮርስ ሦስቱን አለፍኩ፤ ከሦስቱም አንዱን በጭንቅ ነው። ስታቲስቲክስ ወደቅኩ። በሕይወቴ ፈተና ወድቄ አላውቅም፤ የመጀመሪያ ዲግሪዬን በከፍተኛ ማዕረግ ነው የያዝኩት። ኢሜይሉን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ቀን ከአልጋ አልወረድኩም።

ሴሚናር ላይም አፌ ተይዟል። የምናገረውን በልቤ አስተካክዬ ስጨርስ ውይይቱ ትቶኝ ሄዷል። በቡድን ሥራ አንዷ ልጅ «አንቺ ስላይዶቹን አሳምሪልን» አለችኝ። ክፋት አስባ አይመስለኝም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ድርሻዬ እሱ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ከቤት ሲደወል «ደህና ነኝ፣ ትምህርቱም ጥሩ ነው» እላለሁ። መውደቄን የሚያውቅ የለም።

የምዝገባው ጊዜ ሊያበቃ አሥር ቀን ነው የቀረው። የወደቅኩትን ኮርስ ልሰርዘው ወይስ ድጋሚ ልፈተን? አንድ ሴሚስተር ባርፍ ቪዛዬና ስኮላርሺፔ ምን ይሆናሉ? ወይስ ጠቅልዬ ብመለስ ይሻለኛል? ያለፋችሁበት እባካችሁ ምከሩኝ።

መልስ (የዶክትሬት ተማሪ፣ አምስተኛ ዓመት)

እህቴ፣ አይዞሽ። የሚያስቸኩለውን ላስቀድም፦ ምንም ነገር ከመሰረዝሽ በፊት የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሂጂ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ቢሮው፣ ከዚያ ውሳኔው። ተገላቢጦሽ ያደረጉ ሁለት ጓደኞቼ ብዙ መከራ አይተዋል።

የተማሪ ቪዛ የቆመው በተማሪነትሽ ላይ ነው፤ ዝርዝሩ ግን ከአገር አገር ይለያያል። አሜሪካ ኤፍ-1 የሚባለው የተማሪ ቪዛ ያለው ተማሪ ኮርስ ለመቀነስ ከዩኒቨርሲቲው ኃላፊ አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት አለበት። እንግሊዝ ውስጥ የቪዛው ስፖንሰር ዩኒቨርሲቲው ራሱ ስለሆነ፣ እረፍቱ ከ60 ቀን ሲበልጥ አብዛኛውን ጊዜ ስፖንሰርነቱን ያነሳል። ካናዳ ዩኒቨርሲቲው የፈቀደውን እረፍት እስከ 150 ቀን ትቀበላለች። ይህን የምነግርሽ «እከሌ አንድ ሴሚስተር አርፎ ምንም አልሆነም» በሚል ወሬ እንዳትወስኚ ነው። እከሌ ያለው ሌላ አገር ሊሆን ይችላል። ጥያቄሽን በኢሜይል ጻፊላቸው፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዢ። ለስኮላርሺፕ ሰጪውም ለብቻው ጻፊ፤ ዩኒቨርሲቲው የፈቀደውን ስኮላርሺፑ ላይፈቅድ ይችላል።

ስለ ፈተናው ደግሞ፣ በብዙ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የወደቀ ተማሪ ድጋሚ ይፈተናል። ስንት ጊዜ እንደሚፈቀድና የመመዝገቢያው ቀን መቼ እንደሚያልፍ የትምህርት ክፍልሽ ደንብ ላይ ተጽፏል። ከዚያ በፊት ግን የታረመውን ወረቀትሽን እንዲያሳዩሽ ጠይቂ። ይህን መጠየቅ እንደሚቻል የማያውቅ ተማሪ ብዙ ነው። እኔም አንድ ጊዜ ወድቄ ወረቀቴን ሳይ፣ ያጣሁት ነጥብ ከሞላ ጎደል ከአንድ ምዕራፍ ነበር። «ስታቲስቲክስ አይገባኝም» እያልኩ ስብሰለሰል የከረምኩት ለአንድ ምዕራፍ ነው።

አንድ ጥያቄ ልጨምር። በአውሮፓው የክሬዲት አሠራር አንድ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ማለት ነው። ሴሚስተሩ 30 ክሬዲት ከሆነ ከ750 እስከ 900 ሰዓት ይመጣል። ክፍል ውስጥ የምትቀመጪው ከዚህ ትንሹን ነው፤ ቀሪው ብቻሽን የምታነቢበት ነው። እኛ መምህሩ የሰጠውን ኖት አጥንተን ያደግን ልጆች እዚህ ላይ እንሳታለን። እስኪ ሐቁን ንገሪኝ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት ቀርቶሽ ነው የምታጠኚው?

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሐቁን ከጠየቅክ፣ ቅዳሜና እሑድ ሙሉውን፣ ረቡዕና ሐሙስ ደግሞ ማታ ማታ እሠራለሁ፤ ጽዳት ነው። የስኮላርሺፑ ገንዘብ ለኔ ይበቃኛል። የምሠራው የታናሽ ወንድሜን የትምህርት ቤት ክፍያ ለመላክ ነው። ይህን መጀመሪያ ያልጻፍኩት ከወደቅኩበት ጋር የሚያያዝ ስላልመሰለኝ ነው። አሁን ሳየው በጣም ይያያዛል።

መልስ (ማስተርስ፣ ሁለተኛ ዓመት)

እኅት ዓለም፣ ይሄማ የሁላችንም ታሪክ ነው። እኔ መላኩን ሳልቀንስ አንድ ዓመት አሳለፍኩ፣ በመጨረሻም ታምሜ ተኛሁ።

መጀመሪያ ሰዓትሽን ቁጠሪ። የተማሪ ቪዛ የሥራ ጣሪያ አለው፣ ብዙ ቦታም ጥብቅ ነው። እንግሊዝ ውስጥ በትምህርት ጊዜ ለዲግሪና ለማስተርስ ተማሪ በሳምንት 20 ሰዓት ነው፣ ካናዳ ከኅዳር 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከግቢ ውጭ 24፣ አውስትራሊያ በሁለት ሳምንት 48። ያንቺን አገር አጣሪ። ከጣሪያው በላይ ከሆንሽ ዛሬውኑ ቀንሺ፤ የወደቀ ፈተና ይታለፋል፣ የተሰረዘ ቪዛ ግን ሁሉንም ይዞ ነው የሚሄደው። ከጣሪያው በታች ብትሆኚም የማታውን ሥራ እስከ ድጋሚ ፈተናው ተዪው። ሁለት ወር ትንሽ ብትልኪ ወንድምሽ ትምህርቱን አያቋርጥም፤ አንቺ ብታቋርጪ ግን የሁለታችሁም ነገር ይበላሻል።

ስለ ሴሚናሩ እኔን የረዳኝን ልንገርሽ። ውይይቱ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ውስጥ አንድ ነገር ተናገሪ። ትንሽም ይሁን። ጊዜው በገፋ ቁጥር ሌሎች ብዙ ብለው ይጨርሳሉ፣ የአንቺም ዓረፍተ ነገር በልብሽ ውስጥ እየከበደ ይሄዳል። መልስ ካጣሽ ጥያቄ ይዘሽ ግቢ፤ ከንባቡ ያልገባሽን አንድ ቦታ በገጽ ቁጥሩ ጠይቂ። እኔ ለሁለት ወር ጥያቄዬን ወረቀት ላይ ጽፌ እያየሁ ነበር የማነበው። ማንም አልሳቀብኝም።

ለዚያች ልጅ ደግሞ በሚቀጥለው የቡድን ሥራ፣ ሥራው ሳይከፋፈል «የውጤት ትንተናውን እኔ እጽፋለሁ፣ የማቀርበውም እኔ ነኝ» በያት። ድርሻ ከተያዘ በኋላ ማስለቀቅ ከባድ ነው፤ ቀድሞ መያዝ ይቀላል።

መልስ (አንድ ሴሚስተር አርፎ የተመለሰ)

እኔ ስለ እረፍቱ ብቻ ልናገር፤ ሞክሬዋለሁና። እረፍት ውርደት አይደለም። ታምሜ ስለነበር ለኔ አስፈላጊ ነበር። ነገር ግን ሲፈርሙልኝ ያልነገሩኝ ብዙ ነገር ነበር። የተማሪ መኖሪያ ክፍሌ በተመዘገቡበት ሴሚስተር ብቻ የሚሰጥ ሆኖ ተገኘ፣ ለቀቅኩ። የጤና መድኔ ከተማሪነቴ ጋር የተያያዘ ነበር። የስኮላርሺፑ ወርሃዊ ክፍያም ቆመ። ስለዚህ ቢሮ ስትሄጂ ከቪዛው ሌላ እነዚህን ሦስቱን፣ ማለትም መኖሪያውን፣ መድኑንና ወርሃዊውን ገንዘብ፣ ስም እየጠራሽ ጠይቂ።

ሌላው፣ እኔ አርፌ ክፍሌን ዘግቼ ተኛሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ከትምህርቱ ጊዜ የባሱ ነበሩ። እረፍት የምትወስጂ ከሆነ የት እንደምትኖሪ፣ ከማን ጋር እንደምትውዪ፣ ምን ቀን እንደምትመለሺ አውቀሽ ውሰጂ። ከጻፍሽው ስገምት ያንቺ ችግር እረፍት የሚያስወስድ አልመሰለኝም፤ የሰዓት ጥበትና የብቸኝነት ነው። ከተሳሳትኩ አርሚኝ።

መልስ (ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመት ያስተማሩ)

የኔ ልጅ፣ ደስታው ጠፍቶ ኀዘን የተተካው አንቺ ላይ ብቻ እንዳልሆነ እንድታውቂ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። የባህል ድንጋጤ የሚባለውን ሐሳብ በሰፊው ያሳወቀው አንትሮፖሎጂስቱ ካሌርቮ ኦበርግ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጽሑፍ፣ እንግዳው መጀመሪያ በአዲሱ አገር እንደሚደነቅ፣ ቀጥሎ ሁሉ ነገር እንደሚያስመርረው፣ ኋላ ቀስ በቀስ እንደሚለምድ ጽፏል። ከእሱ በፊት በ1955 ኖርዌያዊው ስቬሬ ሊስጋርድ አሜሪካ የቆዩ 200 የኖርዌይ የፉልብራይት (የአሜሪካ መንግሥት ስኮላርሺፕ) ተሸላሚዎችን አጥንቶ፣ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ተኩል የቆዩት፣ ከዚያ ያነሰም ሆነ የበለጠ ጊዜ ከቆዩት ይልቅ መላመድ እንደከበዳቸው አገኘ። ይህ መስመር ግን ለሁሉም አይሠራም። በ1998 ኮሊን ዋርድና ባልደረቦቿ ኒው ዚላንድ የሚማሩ ጃፓናውያንን ሲከታተሉ፣ የባሰው ጭንቀት የታየው ገና በገቡበት ሰሞን ነበር። ስለዚህ «ስድስተኛው ወር ሲገባ ሊብስብኝ ነው» ብለሽ አትፍሪ፤ የከፋሽም አንቺ ደካማ ስለሆንሽ አይደለም።

አንቺ ያለሽበት ቦታ ቀኑ እንደሚያጥር ጽፈሻል። ይህም ቀላል ነገር አይደለም። የብርሃን እጥረት በክረምት የሚያመጣውን ድባቴ ኖርማን ሮዘንታልና ባልደረቦቹ በ1984 በሕክምና ጽሑፍ ገልጸውታል። ጠዋት ብርሃን ሲወጣ ውጭ መራመድ ይረዳል። ከአልጋ መውረድ ቢያቅትሽ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ጠፍቶ ሁለት ሳምንት ቢሆንሽ ግን በመራመድ ብቻ አትለፊው፣ ሐኪም ጋ ሂጂ። የዩኒቨርሲቲው የምክር አገልግሎትም አለ፤ የነገርሻቸው ለመምህራንሽም ለቤተሰብሽም አይደርስም። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂጂ ወይም አጠገብሽ ያለውን ሰው ቀስቅሺ።

እንደ መምህር ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ። መምህራን በሳምንት ውስጥ ተማሪ የሚቀበሉበት ሰዓት ይመድባሉ፣ እኔም ለዓመታት በዚያ ሰዓት ተቀምጬ ጠብቄያለሁ። የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ ጎበዞቹ ነበሩ። ያልመጡት ደግሞ «ደካማ ነህ እንዳይለኝ» ብለው የሚፈሩት ናቸው። የመጣ ተማሪ በዓይኔ ዝቅ ብሎ አያውቅም። ለስታቲስቲክስ መምህርሽ በሦስት መስመር ጻፊ፦ ስምሽንና ኮርሱን፣ ወረቀትሽን ማየት እንደምትፈልጊ፣ ለድጋሚ ፈተናው ምን ላይ ብታተኩሪ እንደሚሻል። ይቅርታ አታብዢ፣ ታሪክሽንም አትዘርዝሪ።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ የእርስዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ኢሜይሉን ዛሬ እልካለሁ። የሚከብደኝ ቤተሰቤ ነው። እናቴ ሰፈሩን ሁሉ ስለኔ አውርታለች። ወደቅኩ ብላት ምን ትሆናለች?

መልስ (ማስተርስ፣ ሁለተኛ ዓመት)

መጀመሪያ ለእናትሽ አትንገሪ። ከቤቱ አንድ ሰው ምረጪ፣ የማይደነግጠውን። እኔ የነገርኩት ለታላቅ እህቴ ነው፤ ስነግራትም «ወደቅኩ» ብቻ ብዬ አላቆምኩም፣ ድጋሚ ፈተናው የሚሰጥበትን ቀንም አብሬ ነገርኳት። ሰው የሚጨነቀው ቀጥሎ የሚሆነውን ሳያውቅ ሲቀር ነው። ለእናቴ በኋላ እሷው ነገረችልኝ።

ጠያቂዋ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

የሆነውን ልንገራችሁ ብዬ ተመለስኩ። ቢሮው በጽሑፍ መለሰልኝ፤ ኮርሱን ሳልሰርዝ ድጋሚ መፈተን እችላለሁ። ስኮላርሺፑ የሚያየው የዓመቱን ክሬዲት ስለሆነ እስካሁን አልተነካም። እረፍቱን ተውኩት፤ መኖሪያዬንም የሚያሳጣኝ ነበር። የሥራ ሰዓቴን ስቆጥር ልክ ጣሪያው ላይ ነበርኩ። የማታውን ሥራ ለቀቅኩ።

ወረቀቴን አየሁ። ለማለፍ ስድስት ነጥብ ነው የጎደለኝ፣ አብዛኛውም ሪግሬሽን ከሚባለው ምዕራፍ ነው። መምህሩ የተሳሳትኩበትን ቦታ በእርሳስ እያሳየ ሃያ ደቂቃ ሙሉ አስረዳኝ። ሴሚናር ላይ አንድ ጥያቄ ጠየቅኩ፤ ድምፄ ተንቀጠቀጠ፣ ውይይቱ ግን በኔ ጥያቄ ላይ ትንሽ ቆየ። ለታላቅ ወንድሜ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰምቶኝ «የታናሻችንን የዚህን ወር እኔ እከፍላለሁ» አለኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ፤ የዚህኛው ለቅሶ ግን ሌላ ነው። ለእናቴ ገና አልነገርኳትም።

ድጋሚ ፈተናው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። ሪግሬሽንን በአማርኛ ሊያስረዳኝ ፈቃደኛ የሆነ ይኖራል? ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ።

መልስ (የዶክትሬት ተማሪ፣ አምስተኛ ዓመት)

እኔ አለሁ። የተሳሳትሽባቸውን ጥያቄዎች ከነሠራሽበት መንገድ ጽፈሽ ያዢ፤ ከመጀመሪያው እንጀምራለን። ሌላም የወደቀ ካለ አብሮን ይግባ፤ ለሦስትም ለአራትም ማስረዳት ያው ነው።