«ናይስ» የሚለው ቅጽል ከምን ተነሥቶ ምን ላይ ደረሰ?

የእንግሊዝኛው «ናይስ» ዛሬ ለሰውም ለምግብም ለአየር ጠባይም የሚሰጥ የምስጋና ቅጽል ይሁን እንጂ፣ ሥሩ ሲታይ ስድብ ነበር። የተገኘው ከላቲኑ «ኔስኪዩስ» ሲሆን፣ ይህም «ኔ» ከሚለው የአሉታ ምዕላድና «ማወቅ» የሚል ፍቺ ካለው «ስኪሬ» ከሚለው ግስ የተገጠመ በመሆኑ «አላዋቂ» ማለት ነው። (ሳይንስ የሚለው ቃልም የዚሁ ግስ ዘር ነውና፣ ሁለቱ የሥጋ ዘመዶች ናቸው።) በጥንቱ ፈረንሳይኛ በኩል አልፎ በ1300 እ.ኤ.አ. አካባቢ እንግሊዝኛ ውስጥ ሲገባ ቂል፣ ተላላ ማለት ነበር፤ ባለቅኔው ቾሰርም በ14ኛው ክፍለ ዘመን በዚሁ ፍቺው ተጠቅሞበታል።

ቃሉ ከቂልነት ወደ መልካምነት በአንድ ጊዜ ዘለለ የሚለውን አባባል ግን አልቀበለውም። ቂሉን ይገልጽ የነበረው ቃል ቀስ በቀስ ቀበጡንና ምግብና ልብስ የሚያማርጠውን ሰው መግለጽ ጀመረ፤ ማማረጥ ደግሞ ጥቃቅኑን ነገር መለየት ስለሚጠይቅ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን «ጥንቁቅ፣ ረቂቅ» የሚል ፍቺ ያዘ። «ደስ የሚያሰኝ» የሚለው የመጣው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1817 መጨረሻ በታተመው የጄን ኦስተን «ኖርዛንገር አቢ» ውስጥ ሄንሪ ቲልኒ የተባለው ገጸ ባሕርይ፣ ቃሉ ለሁሉም ነገር የሚበቃ ሆኗል እያለ ይሣለቅበታል፤ ትችቱ ዛሬም የሚሠራ ይመስለኛል።

ለተርጓሚ የሚያስቸግረው መካከለኛው ፍቺ አለመሞቱ ነው። በሕግና በፍልስፍና ጽሑፍ ውስጥ «ናይስ ዲስቲንክሽን» የሚል ሲገጥመን «ጥሩ ልዩነት» ብንለው ሐሳቡ ይበላሻል፤ የሚስማማው «ረቂቅ ልዩነት» ነው።

በተቃራኒው የሄደም አለ፤ ዛሬ «ጅል» ማለት የሆነው «ሲሊ» በጥንቱ እንግሊዝኛ «ቡሩክ፣ ደስተኛ» ነበር፤ የጀርመንኛው ዘመዱ «ዜሊግ» እስካሁን የቡሩክነት ፍቺውን አልለቀቀም። በእኛም ዘንድ «የዋህ» ወደዚያው ያዘነበለ ይመስለኛል፤ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 «እንደ ርግብም የዋሆች ሁኑ» ሲባል ሙገሳ ሆኖ ሳለ፣ ዛሬ ብድር አበድሮ ለተከዳ ሰው «አንተ ደግሞ የዋህ ነህ» የሚሉት ወዳጆቹ እያመሰገኑት አይደለም።