ልቤ ለቃሉ አልከፈት አለኝ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወገኖቼ። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ አላቆምኩም። የሚያጽናናኝን ቃል ቶሎ እቀበላለሁ፤ የሚገሥጸኝ ሲመጣ ግን ልቤ ይዘጋል።

ማቴዎስ 18 ላይ ጴጥሮስ ወንድሙን እስከ ስንት ጊዜ ይቅር እንደሚል ሲጠይቅ፣ ጌታ እስከ ሰባ ጊዜ ሰባት አለው። እዚያ ስደርስ ገጹን ገልጬ አልፋለሁ። በውርስ ቤት ምክንያት ከታላቅ ወንድሜ ጋር ተኳርፈናል። እሱ ደሴ ነው ያለው፤ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ መድረስ ብቻ ነው እኮ!

ሐዋርያት ሥራ 17 ላይ የቤርያ ሰዎች ቃሉን በሙሉ ፈቃድ ተቀብለው መጻሕፍትን ዕለት ዕለት ይመረምሩ ነበር። እኔ መመርመሩ አላቃተኝም፤ ፈቃዱ ነው የጠፋኝ። ያማል።

በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ፣ ልባችሁ እንዴት ተከፈተ? መጀመሪያ ወንድሜ ጋ ልሂድ ወይስ ልቤ እስኪለዝብ እየጸለይኩ ልቆይ? እባካችሁ ምከሩኝ።