ከአዲስ አበባ አስመራ፣ የ1938ቱ የፖስታ መንገድ፦ ሰዓቴ የተሳሳተው ለምንድን ነው?

የፖስታው ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ነገር ግን ከየት እንደመጣ ካልነገርኳችሁ ጥያቄው ባዶ ይሆንብኛል።

አባቴ በ1950ዎቹ አስመራ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ይለዩ ነበር። ከአዲስ አበባ በዳኮታ አውሮፕላን የመጣው የፖስታ ከረጢት ጠረጴዛቸው ላይ ሲቀመጥ ሸራው ይቀዘቅዝ እንደነበር፣ አፉን የሚያስረው የእርሳስ ማኅተምም ጣት ያደነዝዝ እንደነበር ደጋግመው ነግረውናል። ከእነዚያ ማኅተሞች አንዱ ዛሬ እኔ ዘንድ ነው፤ ሽቱትጋርት፣ ኮምፒውተሬ አጠገብ ተቀምጧል። ልጅ ሳለሁ «ከረጢቱ የሚቀዘቅዘው ለምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው «ከላይ ስለመጣ» ይሉኝ ነበር። ያንን «ላይ» ማየት እፈልጋለሁ።

ስለዚህ አየር መንገዳችን መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የጀመረውን የአዲስ አበባ፣ አስመራ፣ ካይሮ በረራ በሲሙሌተር፣ ማለትም በኮምፒውተር የበረራ ማስመሰያ፣ ልደግመው ተነሣሁ። ድርጅቱ ከተመሠረተ አራት ወር እንኳ አልሞላውም ነበር፤ አውሮፕላኑም ከጦርነቱ የተረፈ ሲ-47፣ ዳኮታ የምንለው፣ ነበር። በማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ውስጥ ያለውን የዚያኑ አውሮፕላን የሲቪል ዓይነት ዲሲ-3 ወሰድኩ፤ የድሮ መሣሪያ ብቻ ያለውን። ቦሌ ያኔ ስላልነበረ በረራው የተነሣው ከልደታ ሜዳ ነው፤ እኔ ግን ከቦሌ ተነሣሁ። ጂፒኤሱን አጠፋሁ፣ ካርታው ላይ ያለሁበትን የሚያሳየውን ምልክትም ደበቅሁ። የያዝኩት ኮምፓስ፣ ሰዓትና እርሳስ ብቻ ነው።

ሒሳቡ ቀላል መስሎኝ ነበር። ርቀቱ ወደ 700 ኪሎ ሜትር ነው። በ12,000 ጫማ ከፍታ የፍጥነት መለኪያዬ 130 ኖት ያሳያል፤ ይህም በሰዓት 241 ኪሎ ሜትር ነው። እንግዲህ 2 ሰዓት ከ55 ደቂቃ መሆኑ ነው። ከተከዜ በኋላ ደመናው ምድሩን ሸፈነው፤ እኔም በሰዓቴ ተማምኜ ቀጠልኩ። ጊዜው ሲሞላ በደመናው ቀዳዳ ወረድኩ። አስመራ የለችም። ከበታቼ ከተማ የሌለበት ተራራ ብቻ ነው። ካርታውን ስከፍት አስመራን ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ አልፌ ወደ ናቅፋ አቅጣጫ እየበረርኩ ነው።

በእውነተኛው በረራ ቢሆን ሰውም ፖስታም ይዤ ነበር። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ አልፌ ሄድኩ። የሳትኩት የቱ ላይ ነው?

ዳኮታ ጠጋኝ

ወንድሜ፣ ሒሳብህ ልክ ነው፤ የተሳሳተው የገባበት ቁጥር ነው። ፍጥነት መለኪያው የሚለካው ወደ ፊት በተከፈተ ቱቦ አፍ የሚገባውን የአየር ግፊት ነው። ከፍ ስትል አየሩ ይሳሳል፣ ግፊቱም ይቀንሳል፤ ስለዚህ መሣሪያው ከእውነተኛው ፍጥነትህ ያነሰ ያሳይሃል። ዱሮ በቃል የያዝነው ደንብ በየ1,000 ጫማው ወደ 2 በመቶ መጨመር ነው። በ12,000 ጫማ 24 በመቶ ገደማ ይሆናል። የአንተ 130 ኖት በእውነቱ ከ155 ኖት በላይ ነው፤ በሰዓት 290 ኪሎ ሜትር ግድም። የጠፋብህ ከተማ በስተኋላህ የቀረው ለዚህ ነው። ነፋሱን ለጊዜው አጥፋው፤ ይህ ከገባህ በኋላ መልሰው።

ከመነሣትህ በፊት ግን ስለ ሞተሩ አንድ ነገር ልበልህ፤ በወጣትነቴ የተማርኩት ሙያ ስለሆነ ዝም ማለት አልችልም። ባለ 14 ሲሊንደሩ ፕራት ኤንድ ዊትኒ 1,200 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው ለባሕር ጠለል በሚቀርብ ቦታ ነው። እዚያ ለመነሻ 48 ኢንች (በሜርኩሪ ሲለካ) ወደ ሞተሩ የሚገባ የአየር ግፊት ታገኛለህ። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ናት። መግፊያውን እስከ ጫፍ ብትገፋውም 48ቱ አይመጣም፤ አየሩን ወደ ሞተሩ የሚያጭቀው መጭመቂያ ከዚያ ቀጭን አየር ያን ያህል ማጨቅ አይችልም። ብዙ ሰው ሲሙሌተሩ የተበላሸ ይመስለዋል። አልተበላሸም፤ አገራችን ከፍ ያለች ስለሆነች ነው። ጭነትህን ቀንስ፣ ጠዋት በብርዱ ተነሣ፣ መንደርደሪያውን እስከ መጨረሻው ተጠቀምበት፣ ጅራቱ ራሱ እስኪነሣ ታገሠው።

የካቢኑን ክብደትም በዘመኑ መልክ አስተካክለው። የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖች እንደ ዛሬው በረድፍ የተደረደረ ወንበር አልነበራቸውም፤ ሰው በሁለቱ ጎን በሸራ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፣ ጭነቱ መሐል ላይ ይታሰራል።

ማረፊያ

ሰላም። እኔ ሰሜኑን በሲሙሌተርም በእግርም አውቀዋለሁ፤ በሰዓት ብቻ መብረርህ ነው ያሳዘነኝ። ይህ መንገድ በምልክት የተሞላ ነው!

ከአዲስ አበባ አስመራ ያለው መስመር ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን የሚሄድ ነው ማለት ይቻላል። መጀመሪያ የጀማን ገደል ታገኛለህ፤ ሜዳው በድንገት ተሰንጥቆ ሲወርድ አይስትህም። ከዚያ የሰሜን ሁለቱ ታላላቅ ተራሮች መንገድህን ከግራና ከቀኝ ይጠብቁልሃል። ላሊበላ አጠገብ አቡነ ዮሴፍ በቀኝህ ነው፤ ቁመቱ ከ4,200 ሜትር ይበልጣል፤ አንተ ከምትበርበት 12,000 ጫማ በላይ ስለሆነ ወደ እሱ አትጠጋ። ትንሽ ቆይቶ ራስ ደጀን በግራህ በሩቁ ይታያል። ሁለቱን በየጎናቸው ካስቀመጥክ መስመርህ ላይ ነህ።

ከተከዜ ቀጥሎ የአድዋ ተራሮች ይመጣሉ። መስመርህ አድዋን ከላይ ያልፋታል፤ ከተነሣህ 575 ኪሎ ሜትር ላይ ማለት ነው። የሰሎዳን ተራራ ስታይ ሰዓትህን ጻፍ። ከዚያ አስመራ 125 ኪሎ ሜትር ብቻ ትቀርሃለች፤ መረብን ተሻግረህ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ትደርሳለህ። አድዋን ሳታይ ግን አትቀጥል፤ ደመና ከሸፈናት ተመለስ።

ቴምብር ወዳጅ

ልጄ፣ ስለ ከረጢቱ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ በረራ የማውቀው ጥቂት ነው፤ ስለ ፖስታው ግን የምነግርህ አለኝ።

የአየር ፖስታችን በ1938 አልተጀመረም። ነሐሴ 1921 ዓ.ም. አብራሪው ማዬ የመንግሥቱን የመጀመሪያ አውሮፕላን ፖቴዝ 25ን አዲስ አበባ ሲያሳርፍ፣ በነበሩት ቴምብሮች ላይ የአውሮፕላን ምስል ተደርቦ ታተመ። እንደ አውሮፓውያኑ በ1931 ደግሞ የኢትዮጵያ ካርታና አውሮፕላን ያለበት ለአየር ፖስታ ብቻ የተሠራ ቴምብር ወጣ። ከዚያ ወረራው መጣና ተቋረጠ።

ከነፃነት በኋላ ከወጡት ቴምብሮች በአንደኛው ዙር ላይ «29-12-46» የሚል ቀን ታትሟል። አገልግሎቱ እንደገና የተጀመረበት ቀን ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 20 ቀን 1939 ዓ.ም.። አንተ የምትፈልገው የፖስታውን በረራ ከሆነ ቀንህ ይህ ነው። ሚያዝያ መግቢያ ላይ የበልግ ደመና አለ፤ ታኅሣሥ ላይ ግን ሰማዩ የጠራ ነው። አድዋ አትሸፈንብህም።

ዳኮታ ጠጋኝ

ጋሼ ግሩም ነገር ነው ያመጡት። ስለ ቅዝቃዜው ረስቼው ነበር፦ አውሮፕላኑ ግፊት የሚጠብቅ ካቢን የለውም፤ ጭነቱ ያለበትም አይሞቅም። በ12,000 ጫማ የአገራችን አየር ብዙውን ጊዜ ከዜሮ በላይ ጥቂት ዲግሪ ነው። የወንድማችን አባት ትክክል ናቸው፤ ሸራና እርሳስ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ እዚያ ከቆዩ ይቀዘቅዛሉ።

የፖስታው ልጅ

ቅዳሜ ሌሊት በረርኩት። ቀኑን ታኅሣሥ 20 አደረግሁት፣ ጠዋት 1 ሰዓት። ነፋስ የለም። ፍጥነቱን በደንቡ አስልቼ፣ ለመውጣቱ ጥቂት ደቂቃ ጨምሬ፣ ከተነሣሁ በኋላ አድዋን በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ፣ አስመራን በ2 ሰዓት ከ38 እጠብቃለሁ ብዬ ወረቀት ላይ ጻፍኩ።

ከቦሌ ስነሣ ግፊቱ 48 አልደረሰም፤ እንደተባለው። ጅራቱን ታገሥኩት። ጀማ ላይ ስደርስ ፀሐይ ገደሉ ውስጥ ገና አልገባችም ነበር፤ ጥቁር ስንጥቅ ብቻ ይታያል። አቡነ ዮሴፍ ከመስኮቴ ከፍ ብሎ በቀኝ አለፈ። ከፍ ብሎ ማለቴን ልብ በሉልኝ፤ በአውሮፕላን ውስጥ ሆኜ ወደ ተራራ ቀና ብዬ ማየቴ ነው። ይህን ዛሬ ተሳፋሪ ሆኖ ማንም አያየውም።

ራስ ደጀንን ለመለየት ተቸገርኩ፤ ስሜን በሙሉ እንደ አንድ ግንብ ሆኖ ነው የሚታየው። አድዋ ግን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ መጣች። ከሁለት ደቂቃ ስሕተት ጋር! ወረቀቱን ይዤ ከወንበሬ ተነሣሁ። የውጭውን አየር መለኪያ ያየሁት ያኔ ነው፤ 3 ዲግሪ ይላል። ማኅተሙን በእጄ ይዤው ነበር፤ የቤቱ ሙቀት አሙቆታል።

አስመራ በሰዓቷ ወጣች፤ ደመና የለም፣ ሜዳው ከሩቅ ይታያል። ሲያርፍ ሁለት ጊዜ ዘለለ፣ ቢሆንም ቆመ።

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ፤ የላሊበላውን ምልክትና የቴምብሩን ቀን ባላገኝ ኖሮ ዛሬም ናቅፋ ላይ ነበርኩ።

እሑድ ለአባቴ ደወልኩና ሁሉንም በየተራ ነገርኳቸው፤ ገደሉን፣ ተራራውን፣ 3 ዲግሪውን። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «ከረጢቱን ከፊት ነው የጫንከው ወይስ ከኋላ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ለካቢኑ በሙሉ አንድ ክብደት ነው የሞላሁት። «ከኋላ ከሆነ ከሰው ዕቃ ጋር ተደባልቆ ይዘገይብናል» አሉ፤ አሁንም ሥራ ላይ እንዳሉ ሆነው።

ዳኮታ ጠጋኝ፣ እርስዎ በሠሩባቸው አውሮፕላኖች ፖስታው የሚጫነው የት ነበር? የካይሮውን ጉዞ ከመጀመሬ በፊት ክብደቱን በትክክለኛው ቦታ ማስገባት እፈልጋለሁ።